የጫጉላው ቤት

የሐረር በሮች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የሚገባበትን በር እኛ ሸዋ በር ስንለው ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል፤ ቡዳ በር ለእነርሱ በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎ በሪ፣ ፈላና በር ደግሞ አሱም በሪ ነው። አምስቱ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ካሠሩት የጀጎል ግንብ ጋር የቆዩ ሲሆኑ፣ ስድስተኛው ሐረር በር ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመኪና ተብሎ የተከፈተ ነው። ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ ሳይሆን ጠፍቼ ነው፤ አንድ ልብስ ሰፊ በመልካም ፈቃድ ወደ አርጎ በሪ ቁልቁል እንድወርድ ከነገሩኝ በኋላ፣ ወርጄ በሩ ሥር ቆሜ ኤረር በር የት እንደሆነ አላፊ አግዳሚውን ስጠይቅ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት የጎመን ነጋዴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በጣቷ ከራሴ በላይ ያለውን ግንብ አሳየችኝ።

ወደ ሐረር የሄድኩት በሐምሌ ወር ለሥራ ሥልጠና ሲሆን፣ የመጨረሻው ቀን ነፃ ነበር። በባቡር እስከ ድሬዳዋ መሄድ እየተቻለ በአውቶቡስ መሄድን የመረጥኩት መንገዱን ማየት ፈልጌ ነው። ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ይህ ጉዞ አዋሽን ተሻግሮ፣ በሜኤሶ ቆላ አልፎ፣ በአሰበ ተፈሪ ወይም አሁን በሚጠራበት ስሟ በጭሮ በኩል ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ከሂርና በኋላ አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃዎች ቆመ፤ ተሳፋሪው ጫት ሊገዛ ሲወርድ እኔ የሱቆቹን ሰሌዳ አንብቤ ጨለንቆ መሆናችንን አወቅሁ። በትምህርት ቤት ስለዚህ ቦታ የተማርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን አቀኑ። መምህራችን ይህንን ጽፈው ዓመተ ምሕረቱን አሰመሩበትና ወደሚቀጥለው ርዕስ ሄዱ። ጦርነቱ የተደረገው በገና ሰሞን እንደነበረ፣ የሐረሩ አሚር አብዱላሂም ክርስቲያኑ ሠራዊት በበዓሉ ይዘናጋል ብለው እንደገጠሙ የሚነገረውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

"አቀና" የሚለው ግሥ በዚያ ፌርማታ ላይ ያስጨነቀኝን ያህል አስጨንቆኝ አያውቅም። ጠማማን ቀጥ ማድረግ ማቅናት ነው፤ ጠፍ መሬትን መንጥሮ መኖሪያ ማድረግም ማቅናት ነው፤ አገርን በጦር መያዝም እንዲሁ። የመጨረሻውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ልብስ አልብሶ የሚያቀርብ ቃል ነው። ጨለንቆ ላይ የተሸነፈችው ከተማ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ግንብ፣ የራሷ አሚሮች፣ የራሷ ገንዘብና የራሷ ጽሕፈት የነበራት ከተማ ናት። ጠፍ አልነበረችም።

ከጨለንቆ ቀጥሎ የሚመጣው ቁልቢ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ከእኔ በፊት ብዙ ጊዜ የተመላለሰችው አያቴ ናት። አያቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት፤ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19፣ አንዳንድ ዓመት ሁለቱንም ትሳለም ነበር። ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ፣ ቤተሰቡ በ1977 ዓ.ም. ነው ይላል፣ እስከ ሐረር ዘልቃ አንድ ክዳን ያለው የስፌት ሙዳይ ይዛ ተመለሰች። ሙዳዩ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እናቴ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በልጅነቴ እንዳልነካው ስለተከለከልሁ፣ ካደግሁም በኋላ መንካት አልለመደብኝም።

በዚያ ነፃ ቀን ጠዋት ፈጢራ በማር በልቼ ወደ ጀጎል ገባሁ። ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ላይ ለጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ የቆመውን ሐውልት እያዩ ቀና ሲሉ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት ቦታ ግብፆች ከተማዋን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በያዙበት ጊዜ የሠሩት መስጊድ የነበረበት ነው። ከግንቡ ውጭ ደግሞ በፈረስ ላይ የተቀመጡት የራስ መኮንን ሐውልት ነበረ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈርሷል። በአንድ ከተማ ውስጥ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ ተሸናፊውና አሸናፊው እየተራረሙ የጻፉት ጽሑፍ ይመስላል። እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት ሥራዬም ዕውቀቴም አይፈቅድልኝም፤ ሁለቱንም ወገን የአያት ያህል የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ ለእነርሱ እተወዋለሁ።

ከአደባባዩ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የመኪና ድምፅ ነው። ከዚያ ገባ ብሎ ሁለት የቆዩ ፎቅ ቤቶች አሉ። አንደኛው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ነው። ራምቦ በሐረር በነጋዴነት የኖረ፣ በመጨረሻም በ1883 ዓ.ም. ታሞ ከተማዋን ለቆ የወጣ ሰው ሲሆን፣ ቤቱ ግን እርሱ ከሄደ በኋላ በአንድ የሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። የጥንቱ የሐረር ፎቶግራፎች የሚታዩበት በመሆኑ መግባቱ አይቆጭም፤ የውጭ አገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን መሆኑ ግን ትንሽ ያስቀኛል። ባልኖረበት ቤት ይፈልጉታል።

ሁለተኛው ቤት የመጣሁበት ነው። ይህም በሕንዶች እጅ የተሠራ፣ ፊቱ በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ፣ ከፎቁ ላይ የጀጎልን ጣሪያዎች ቁልቁል የሚያይ ቤት ሲሆን፣ ሕዝቡ ራስ ተፈሪ ቤት ይለዋል። ተፈሪ መኮንን አባታቸው ይገዙት የነበረውን ሐረርን ለመግዛት በ1902 ዓ.ም. ተሹመው ሲመጡ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ በ1903 ዓ.ም. ከወይዘሮ መነን ጋር ሲጋቡም የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ቤት ነው ይባላል። ዛሬ በውስጡ ያለው የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ነው።

ሙዚየሙን ያቋቋሙት የሐረር ተወላጁ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። ታሪካቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ የራሳቸውን ከተማ ታሪክ በትምህርት ቤት ሳይማሩ ያደጉ ሰው፣ ደርግ ከወደቀበት ዘመን አካባቢ ጀምሮ በከተማው ቤቶች ውስጥ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መሰብሰብ ያዙ። መጀመሪያ የራሳቸው መኖሪያ ቤት ሙዚየም ሆነ፤ ስብስቡ ከቤቱ ሲተርፍ የክልሉ አስተዳደር ይህንን ቤት ሰጣቸው። ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ ስፌት፣ ሙዚቃ የተቀዳበት ካሴት፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የእጅ ጽሑፎች፤ ሁሉም ከሰው እጅ ወደ አንድ ሰው እጅ የመጡ ናቸው። የእጅ ጽሑፎቹን ለመጠገን ሲሉም ሊጠፋ የተቃረበውን የሐረርን የመጽሐፍ ድጉሳ ጥበብ ራሳቸው ተምረዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ሲሰበስብ ቅጽ ይሞላል፤ አንድ ሰው ሲሰበስብ ግን ቡና ጠጥቶ፣ ሟችን አስታውሶ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ነው። ዕቃዎቹ መካከል ስዘዋወር ይህ ልዩነት የሚታይ ነገር እንደሆነ አሰብኩ፤ ውድ የሆነው ከተራው አልተለየም፤ የወርቅና የብር ጌጥ ካለበት ክፍል አጠገብ ማንም ሰው ጠብቆ ያቆየዋል የማይባል የወጥ ቤት ዕቃ በእኩል ክብር ተቀምጧል።

የሳንቲሞቹ መስኮት ፊት ለፊት ብዙ ቆየሁ። ሐረር የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ ነበር፤ ስሙም መሐለቅ ነው። መሐለቅ የሚለውን ቃል አያቴ ሳንቲም ለማለት ስትጠቀምበት እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፤ የአንድ ከተማ ገንዘብ ስም መሆኑን ያወቅሁት እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም ከተማዋን ከያዙ በኋላ በ1885 ዓ.ም. በስማቸው መሐለቅ በሐረር አስቀርጸዋል። ከአዝራር እምብዛም የማይበልጡት እነዚህ ሳንቲሞች፣ የትምህርት ቤቱ ዓረፍተ ነገር የዘለለውን ነገር ይናገራሉ፤ አሸናፊው ገብቶ የተሸናፊውን ገንዘብ ከነስሙ ወርሶታል።

በፎቁ ላይ ያለውን ክፍል ስገባ ግን ሐሳቤ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ስድስት ኪሎ ካለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፤ የሚገኘውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለትምህርት በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ነው፤ አልጋው እንዳለ ነው፤ የእቴጌይቱም ክፍል አጠገቡ ነው። ሐረርን ጨምሮ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዕቃ ደግሞ በሌላው ክፍል፣ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። በሐረር ያለውም ሙዚየም የዚያው ሰው ቤት ነው፤ በሽምግልናቸው ሳይሆን በወጣትነታቸው የኖሩበት። ነገር ግን እዚህ አልጋቸው የለም። የጫጉላው ክፍል ነው በሚባልበት ፎቅ ላይ ያለው የሐረሪ እናቶች ስፌትና የሙሽራ ልብስ ነው፤ አጥላሱ፣ በሁለት ጉንጉን የተያዘውን ፀጉር የሚሸፍነው ጉፍታ፣ የብር አምባሩ። አንድ የሸዋ መስፍን ሚስቱን ያገባበት ቤት የሐረር ሴቶች የጥሎሽ ግምጃ ቤት ሆኗል። ይህንን ያሰበበት ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ካልታሰበበትም እንዲህ ያለውን ነገር ታሪክ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ይሠራዋል።

ስፌቶቹ አጠገብ የእናቴን ሙዳይ አየሁት።

በእርግጥ ያው ራሱ አይደለም። ግን ቁመቱ፣ የክዳኑ ሹል አናት፣ በቀይና በጥቁር መካከል የሚሄደው የወርቅማ መስመር፣ ሁሉም ከቴሌቪዥናችን በላይ የተንጠለጠለው ነው። ስልኬን አውጥቼ በውስጡ ካለኝ የሳሎን ፎቶግራፍ ጋር ሳስተያይ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ከእኔ በላይ ወደ ስልኬ አጎንብሰው ማየታቸውን ልብ አላልኩም ነበር። ከእርሳቸው ጋር አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች፤ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች የልጅ ልጃቸው ናት። ቶሮንቶ ብዙ ሐረሪዎች የሚኖሩባት ከተማ ስትሆን፣ በክረምት ወራት ከዚያ የሚመጣው እንግዳ ጀጎልን ያደምቀዋል። አሮጊቷ ለልጅቱ በሐረሪዎች ቋንቋ፣ በጌይ ሲናን፣ ያስረዳሉ፤ ልጅቱ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ይህ የማን ቤት ነው፣ ልጄ?"

"የእናቴ ነው እማማ፤ አዲስ አበባ።"

"ሙዳዩን ማን ሰጣት?"

አያቴ ከቁልቢ ስትመለስ የገዛችው መሆኑን ነገርኳቸው። ፎቶግራፉን በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ለገበያ የሚሰፋና ለቤት የሚሰፋ ስፌት አንድ እንዳልሆነ፣ ለገበያ የሚሰፋው ላላ ያለ፣ ቀለሙም ደማቅ እንደሆነ፣ ሴት ልጅ ለራሷ ትዳር የምትሰፋው ግን ጥርሷን ነክሳ በወራት የምትጨርሰው፣ አክርማው የማይታይ እስኪሆን የጠበቀ እንደሆነ አስረዱኝ። የእኛው ለገበያ የተሰፋ አይደለም አሉ። "ይህ ከግድግዳ የወረደ ነው" አሉኝ፤ በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ሐኪም የተሰበረ አጥንት ዓይቶ ስብራቱ ያረጀ መሆኑን እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። በ1977 ዓ.ም. አንዲት የሐረር ሴት የሙሽርነት ሙዳይዋን ከግድግዳ ለምን እንዳወረደች ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የዚያን ዘመን ችግር ለማስታወስ ሐረሪ መሆን አይጠይቅም። አያቴም ተከራክራ በርካሽ ገዝታዋለች፤ ይህንንም አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ስንት እንዳስቀነሰች ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ትናገር ነበር።

ስለ ሙዚየሞች የማስበው ነገር የተለወጠው በዚያ ቅጽበት ነው ማለት እችላለሁ። አዲስ አበባ ባለው ሙዚየም የሐረርን ስፌት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም አንብቤያለሁ፤ ጽሑፉም የሚሳሳት አልነበረም። ነገር ግን እዚያ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ "የማን ቤት ነው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እዚህ ዕቃው ከተሠራበት ቤት የሚለየው በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ የሠሩት ሴቶች ልጆች ቲኬት ቆርጠው ይገባሉ፤ በመግለጫው ላይ የጎደለውንም ለልጅ ልጆቻቸው በቃል ይሞሉታል። ጎብኚም ዕቃ ብቻ ተመልክቶ አይወጣም፤ ራሱም ይታያል፤ እንደ እኔ ያለ ዕድል ከገጠመው ደግሞ ሳሎኑ ሳይቀር ይመረመራል።

አሮጊቷ ግን በሙዚየሙ ብቻ እንዳልመለስ ወሰኑ። "ጌይ ጋር ሳትገቢ ዕቃውን ለብቻው ማየት ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። ጌይ ማለት ከተማ ማለት ነው፤ ሐረሪዎች ሐረርን የሚጠሯት እንዲሁ ከተማ ብለው ነው። ጋር ማለት ደግሞ ቤት ነው። የቋንቋ ሊቅ ስላልሆንኩ በሁለቱ ቃላት መካከል ዝምድና አለ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን "እኛ ጋር ነይ" እያለች ያደገች ጆሮ ይህንን ስትሰማ ያለ ትርጉም ግብዣ መሆኑን ትረዳለች። እንግዲህ በልጅቱና በእርሳቸው መካከል ሆኜ፣ አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ስርጥ ለስርጥ ተጓዝን። የጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶች ተቆጥረዋል፤ መንገዱ ጠባብ ቢሆን አይፈረድበትም። ከመንገዶቹ እጅግ የጠበበውን ልጅቱ ራሷ አሳየችኝ፤ የእርቅ መንገድ ነው የሚሉት፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ከተገናኙበት ሳይነካኩና ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም።

የገባንበት ቤት የዘመዳቸው ነው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከበሩ ሲገቡ ግቢ፣ ከግቢው ሲያልፉ ደግሞ አንድ ከፍ ያለ ክፍል ይገኛል፤ ወለሉም ነደባ በሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ሰው እንደ ማዕረጉና እንደ ዕድሜው ይቀመጥባቸዋል፤ አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ሲሆን ከበሩ የሚገባውን ሰው አስቀድሞ የሚያይበት ቦታ ነው፤ ግዲር ነደባ ትልቁ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከዓይን ሸሸግ ያለው። ጫማዬን አውልቄ የት እንደምቀመጥ ሳላውቅ ስቆም፣ የቤቱ ባለቤት በእጃቸው ትልቁን አመለከቱኝ። ከፊቴ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል፤ ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት ውስጥ ያየሁት ሁሉ እዚህ በሚስማር ላይ ነው፤ በመካከሉም ቁልፍና የልጆች የሐኪም ቤት ካርድ የተቀመጠበት አንድ ሙዳይ አየሁ። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሰቀልበትን እንጨት ሲያሳዩኝ፣ ምንጣፉ ከተሰቀለ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ልጅቱ ይህን ስትሰማ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ "አፓርታማ ውስጥ የት ይሰቀላል?" አለች፤ አያቷም ሳይቆጡ "ስልክሽ ላይ" አሏት።

ከክፍሉ ጎን አንድ ትንሽ ጓዳ አለ፤ ኪርታት ይባላል። ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ተለይተው የሚቆዩበት፣ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት የሚቀበሉበት የጫጉላ ክፍል ነው። ራሴን አስገብቼ አየሁት፤ አሁን የማዳበሪያ ከረጢትና የቆየ ፍሪጅ ይቀመጥበታል። ከሰዓታት በፊት ያየሁት የመስፍኑ የጫጉላ ቤት ባለፎቅ፣ ባለ ብዙ መስኮት፣ ከተማውን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚያይ ነው፤ ይህኛው ግን ማንም ወደ ውስጥ እንዳያይ፣ እነርሱም ማንንም እንዳያዩ የተሠራ ነው።

ቁጢ ቀረበ። ከቡና ቅጠል በወተት የተፈላ፣ ጨው ጣል የተደረገበት፣ መጀመሪያ የሚያስገርም፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ የሚለመድ መጠጥ ነው። እየጠጣን ሳለ የመደቦቹ ጠርዝ ለምን እንዲህ ቀይ እንደሆነ ጠየቅሁ። ቀዩ አፈር ነው፤ በየጊዜው እየተለቀለቀ ይታደሳል። የቤቱ ባለቤት ዝም አሉ፤ መልሱን የሰጡኝ አሮጊቷ ናቸው። "ጨለንቆ ነው" አሉ፣ በመዳፋቸው የመደቡን ጠርዝ ነካ አድርገው። በዚያ ጦርነት የፈሰሰው ደም እንዳይረሳ ቤቱ በቀይ ይቀባል ማለታቸው ነበር። ይህ ትውፊት በሐረር በሰፊው የሚነገር መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከሁለት ቀን በፊት ከአውቶቡስ መስኮት ያየሁት፣ ሰው ጫት ሊገዛ የወረደበት ፌርማታ፣ በተቀመጥኩበት መደብ ሥር መሆኑን ብቻ ነው ያሰብኩት። የተናገሩትን "አዝናለሁ" ብዬ ልመልስ ወይስ ዝም ልበል ሳመነታ፣ እርሳቸው ሲኒዬን ተቀብለው ሞሉልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨለንቆ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ወሬው ወደ ቶሮንቶ የቤት ኪራይ ሄደ፤ በዚያ ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት አስተያየት ነበረን።

ስንወጣ እየመሸ ነበር፤ ጅብ ሲመገብ እንዳይ የጋበዘኝን አስጎብኚ አመስግኜ አሰናበትኩት። በግንቡ ሥር ለጅብ መውጫና መግቢያ ተብለው የተተዉትን ቀዳዳዎች አይቻለሁ፤ ለአንድ ቀን በቂዬ ነው። ከእማማ ጋር ስንለያይ ስልኬን መልሰው ጠየቁኝና የሙዳዩን ፎቶግራፍ እንደገና ከፈቱት። "ሥሩን ዓይተሽዋል?" አሉኝ። አላየሁትም። ሠሪዋ ከሥሩ የራሷን ምልክት የምትተው ከሆነ፣ እነርሱ የሚያውቋቸው ጥቂት ሴቶች ዓይተው የማን እጅ እንደሆነ ሊለዩት ይችሉ ይሆናል አሉ፤ "ይችሉ ይሆናል" የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ስጪኝ ወይም መልሽ አላሉኝም። ሙዚየሙ ስጦታ ይቀበላል ያለችው ልጅቱ ናት፤ አያቷ በዓይናቸው ገሠጿት።

በዚያ ሌሊት ከሆቴሉ ወደ እናቴ ደወልኩ። መጀመሪያ የት እንደዋልኩ ነገርኳት፤ ቀጥሎ ስለ ሙዳዩ፣ ለገበያ ስለሚሰፋውና ለቤት ስለሚሰፋው ስፌት፣ ስለ 1977ም ነገርኳት። እናቴ ሲነገራት አታቋርጥም፤ ዝምታዋ ሲረዝም ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ "እማዬ" አልኳት። "እየሰማሁሽ ነው" አለችኝ። በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጥታ እንድታወርደውና ሥሩን ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ባይሆን ጠዋት ጎረቤት ጠርታ እንድታደርገው ብላትም፣ አሁኑኑ አወርደዋለሁ ብላ ዘጋችው።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለት ፎቶግራፍ መጣልኝ። አንደኛው የሥሩ ነበር፤ በመሐሉ ከቀሪው ስፌት ጋር የማይሄድ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለች፤ ምልክት ትሁን የክር ማለቅ፣ የእኔ ዓይን አይለየውም። ወዲያው ቁጥራቸውን ለሰጡኝ ለእማማ ላክሁት። ሁለተኛው ክዳኑ የተከፈተው ሙዳይ ነበር፤ በውስጡም በነጭ ሻሽ የተቋጠረ፣ ቋጠሮው በዕድሜ የቢጫነት ቀለም የያዘ አንድ ነገር ተቀምጧል። ባዶ ነው ብዬ አርባ ዓመት ሊሞላ በተቃረበ ዕድሜዬ ሁሉ ያሰብኩት ሙዳይ ባዶ አልነበረም። አያቴ በዚያ ዓመት ከቁልቢ ያመጣችው እምነት ነው።

ከፎቶግራፎቹ በታች እናቴ አንድ መስመር ጽፋለች፦ "የምንመልሰው ከሆነ እምነቱን ምን ውስጥ ላድርገው?"